ዔሊን የሚወቅስ አባት

አባቴ ግንበኛ ነበሩ። ከፈረንሳይ ሠፈር አንሥቶ እስከ ኮተቤ ባለው ዳገትና ቁልቁለት ዛሬም ቆመው የሚታዩ ብዙ የድንጋይ አጥሮች የእሳቸው እጅ ሥራ ናቸው። ቁመታቸው አጠር፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ቤታችን ውስጥ ድምፃቸው ረዘም ላለ ጊዜ የሚሰማው ሲጸልዩና እኛን ሊገርፉ ሲዘጋጁ ብቻ ነበር።

ተቆጥተው አይገርፉም። ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ ደግ አባት ይመስለዋል። በቁጣ መማታት ኃጢአት ነው ብለው ስለሚያምኑ ንዴታቸው እስኪበርድ ይጠብቃሉ፤ ሰኞ ያጠፋነው ረቡዕ ሊያስቀጣን ይችላል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ማክሰኞን እንዴት እንደምናሳልፋት የምናውቀው እኛ ነን። ቀኑ ሲደርስ እራት ይበላል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ከዚያ አባባ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ይቀመጡና ጥፋተኛውን ይጠራሉ። መጀመሪያ ታሪክ አለ። ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ዔሊ ካህን ነበር» ይላሉ። «የእግዚአብሔርን ቤት የሚጠብቅ ሰው። ልጆቹ የመሥዋዕቱን ሥጋ እየነጠቁ ሲበሉ፣ ሲባልጉ፣ በአፉ ከመናገር በቀር እጁን አላነሣባቸውም። መጨረሻው ምን ሆነ? ዐይኑ ፈዘዘ፣ ልጆቹ ባንድ ቀን ሞቱበት፣ እሱም ከወንበሩ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ። እኔ ዔሊ አልሆንም። እጅህን ዘርጋ።»

መዳፍ ወደ ላይ ይዘረጋል። አርጩሜው ሲወርድ እጅ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ የሰበሰበ ቅጣቱ እንደ አዲስ ይጀመርለታል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ትነክሳለች እንጂ ቃል አትተነፍስም። ሲያበቃ አባባ ራሳቸው ቫዝሊን አምጥተው መዳፋችንን ያሻሉ። ሲሚንቶ የበላው ያ ሻካራ እጅ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት፣ እየዞረ ይቀባናል። «እግዚአብሔርም የሚወደውን ነው የሚቀጣው» ይላሉ እየቀቡ። እሳቸው እኛን በእጃቸው የሚነኩን በዚያን ጊዜ ብቻ ስለነበር፣ መናገር ያሳፍራል እንጂ፣ ያቺን ሰዓት የምወድበት ጊዜም ነበር።

ልጅ ሆኜ የምጠላው አባቴን አልነበረም፤ ዔሊን ነበር። ያ ሽማግሌ ልጆቹን አንድ ቀን ቆንጠጥ አድርጎ ቢሆን ኖሮ እኛ እንተርፍ ነበር እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

ወንድሜ አሥረኛ ክፍል ሳለ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር እንቁላል ሳንዱች ሲበላ አይቼዋለሁ የሚል ሰው ለአባባ ነገራቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠሩት። አርጩሜው ተሰብሮ ስለነበር፣ ጣሪያ ለማደስ ካመጡት ሞራሌ፣ ያ ቆርቆሮ የሚመታበት አራት ማዕዘን እንጨት፣ ቀጭኑን መርጠው አነሡ። ታሪኩ ተነገረ። ወንድሜ ግን ያን ቀን አልዘረጋም። እጆቹን በግራና በቀኝ ጎኑ አድርጎ ቆመ።

«ዘርጋ» አሉት።

«ርቦኝ ነው የበላሁት።»

«ዘርጋ።»

እንጨቱ ሲነሣ ክንዱን ፊቱ ላይ አደረገው። የሰማሁት ድምፅ የእንጨት መስሎኝ ነበር። አባባ ሞራሌውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩና፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ብትዘረጋው ኖሮ አይሰበርም ነበር» አሉት። ከዚያ ጋቢያቸውን አልብሰው ወደ ወጌሻ ወሰዱት። አጥንቱ ገጠመ፤ የቀኝ እጁ አንጓ ግን እንደ ጎበጠ ቀረ።

ክረምቱ ሲወጣ ወንድሜ ሐዋሳ ወደሚኖር ጓደኛው ሄዶ በዚያው ቀረ። በኋላ እናታችን ስትሞት መጣ፣ ቀበራት፣ ተመለሰ። አባባ ስለሱ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ማታ ማታ ሲጸልዩ ግን የቤተ ሰቡን የክርስትና ስም ይጠራሉ፤ የሞቱትን፣ ያሉትን። ከእናቴ ቀጥለው፣ እኔን ከመጥራታቸው በፊት፣ ትንሽ ዝም ይላሉ። ዝምታው የአንድ ስም ያህል ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ባል አግብቼ፣ ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ሁለታችን ብቻችንን፣ ብዙም ሳንነጋገር፣ ብዙም ሳንጣላ እንኖር ነበር።

የዐይናቸውን ነገር ለረጅም ጊዜ ደበቁኝ። ያወቅሁት አጥር ያሠራቸው አንድ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ «አጥሩ ዘመመ» ሲላቸው ነው። አብሬያቸው ሄድኩ። ግንቡ ለማንም ሰው ዐይን ጠምሞ ይታያል። አባባ አላዩትም፤ በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ መዶሻ አንሥተው፣ ሠራተኞቹ «ተዉ፣ እኛ እናፈርሰዋለን» እያሏቸው፣ እስከ መሠረቱ ራሳቸው አፈረሱት። ከዚያ ቀን በኋላ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አላስቀመጡም።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ፤ የዐይን ግፊት። የግራው ዐይን ሄዷል፣ አይመለስም። የቀኙ ገና ግማሽ ያህሉ አለ። «ይህን ጠብታ በየቀኑ ካደረጉ የቀረውን እናቆየዋለን። ካቆሙ ግን ይሄዳል፤ ሕመም የለውም፣ ሳይታወቅዎት ነው የሚሄደው» አላቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከክሊኒኩ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ፣ «ይኼ ቅጣት ነው» አሉኝ።

«አባባ፣ በሽታ ነው። በዘርም ይመጣል ሲል አልሰሙትም?»

«በሽታውን ማን ላከው?»

ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ዔሊ ልጆቹን ስላልቀጣ ዐይኑ ፈዘዘ። እኔ ስለቀጣሁ ጠፋ» አሉ። ታክሲው መጣና ገባን።

ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ለምነውኝ አያውቁም፤ ደስ እያለኝ ወሰድኳቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ መኻል ጸበልተኛ የሚከራያቸው የጭቃ ቤቶች አሉ። አንዷን ክፍል ተከራየን፤ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ክብሪት የሚፈልግ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ዱካ። የእንጦጦን ክረምት ከታች ከከተማው ሆኖ ጭጋጉን ያየ ሰው አያውቀውም። ልብስ አይደርቅም። ዳቦ በአንድ ቀን ይሻግታል። ባሕር ዛፉ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ሌላ ዝናብ ያዘንባል።

ማለዳ ማለዳ እጃቸውን ይዤ ጭቃውን እየረገጥን እንወርዳለን። ቢጫ ጀሪካን የተሸከሙ፣ በሰው የተደገፉ፣ በቃሬዛ የመጡ፣ ተራ ይዘዋል። ውሃው ሲያርፍበት የማይጮህ ሰው የለም፤ አንዱ ከብርዱ፣ አንዱ ከሌላ ነገር። አባቴ አይጮኹም። ተንበርክከው፣ መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይቀበሉታል። ከንፈራቸው ይጠቁራል እንጂ አይንቀጠቀጡም። አይቼ አንገቴን እደፋለሁ። ያን አኳኋን አውቀዋለሁ።

ጎረቤታችን የነበረ አንድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ጥሎ ጸበሉን ብቻ እንደያዘ ያወራ ነበር። ሰግቼ አጥማቂውን ቄስ በአባባ ፊት ጠየቅኳቸው።

«መድኃኒቱንስ ማን የሰጠ ይመስልሻል፣ ልጄ? ሁለቱንም ይያዙ» አሉ ቄሱ። አባባም «እሺ አባቴ» ብለው መስቀል ተሳለሙ። ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለኝ። ጠብታውን ማታ ማታ እኔ ነበርኩ የማደርግላቸው፤ ሰንበት ብለው «እጄ ይልመደው፣ ራሴ ላድርገው» ሲሉኝ፣ እየበረቱ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ብቻዬን ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ስለ አባቴ ልጸልይ ነው። ከቅጥሩ ውጪ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጌታ በጌቴሴማኒ ያላትን ያቺን ቃል፣ የእኔ ሳይሆን የአንተ ፈቃድ የምትለዋን፣ ልላት ፈለግኩ። አፌ ላይ መጥታ ቀረች። ፈራሁ። እሺ ካልኩት፣ እንደ ወደድክ አድርግ ካልኩት፣ የቀረውን ዐይን የሚወስደው መሰለኝ። አንድ ሰው ዕቃህን ስጠኝ ሲልህ እጅህን ጥብቅ አድርገህ እንደምትይዘው፣ ልቤን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ቁጭ አልኩ። ለአንድ እግዚአብሔርን እወዳለሁ ለምትል ሴት ይህ ምን ዓይነት ፍርሃት እንደሆነ አስቡት። ሳልላት ወረድኩ።

ጠብታውን ያየሁት ፍራሻቸውን ሳነሣ ነው። ከሐኪም ቤት እንደመጣ፣ ማሸጊያው እንኳን ሳይቀደድ፣ ከነካርቶኑ። ያለቀውን ጠርሙስ ጥለው አዲሱን አልከፈቱትም። ካርቶኑን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ዱካቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ።

«አባባ፣ ይኼ ምንድነው?»

እጃቸው ውስጥ አስቀመጥኩት። ዳሰሱት። ምን እንደሆነ ገባቸው።

«አቆምኩት።»

«ለምን? ቄሱ ምን አሉዎት?»

«ቄሱ ለሰው ሁሉ የሚባለውን አሉ። የእኔን እኔ ነኝ የማውቀው።» መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ልጅ ሲቀጣ እጁን አይሰበስብም። እሱ እየመታኝ እኔ በጠብታ ልከልል? ከሰበሰብኩ እንደ አዲስ ይጀምርብኛል።»

በሕይወቴ እሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ እስኪወጣ ጮህኩ። «እግዚአብሔር እንደ እርስዎ አይደለም!» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። አልተቆጡም። እንደ ተማሪ፣ በእርግጥ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው፣ ጠየቁኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

አላውቅም ነበር። እግዚአብሔርን ያወቅሁት በእሳቸው አፍ ነው። ቸር ነው ሲሉኝ ቸርነቱን፣ ይቀጣል ሲሉኝ ቅጣቱን፣ ሁሉንም የተቀበልኩት ከእሳቸው እጅ ነው። ከዚያ ሌላ አምላክ ፍለጋ የት ሄጄ አውቃለሁ? ካርቶኑን ቀደድኩና በግድ አንጋልዬአቸው ጠብታውን አደረግኩላቸው። እሺ ብለው ተቀበሉ። በማግስቱም፣ በሣልስቱም። ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጧት ሰማዩ ወለል ብሎ ነጋ። ከዛፎቹ በታች ከተማው እስከ ቦሌ ድረስ ይታያል። በላይ በኩል ባለው አስፋልት ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡ ወጣቶች ብስክሌት እየገፉ ይሣሣቃሉ። አባባ ከደጅ ተቀምጠው፣ «ዛሬስ ጭጋጉ ጠንክሯል» አሉኝ።

እጄ ላይ የነበረውን ሣህን አስቀመጥኩት።

«ጭጋግ የለም፣ አባባ።»

ፊታቸውን ወደ ከተማው አቅጣጫ አዞሩ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ጨረሰ» አሉ። ያስለቀሰኝ ዐይናቸው መጥፋቱ አይደለም። ፊታቸው ላይ የሆነ እፎይታ አየሁ። ቅጣቱን እስከ መጨረሻው እንደቻለ፣ አሁን ቫዝሊኑን እንደሚጠብቅ ልጅ። ቀኑን ሙሉ ጠበቁ። በማግስቱም ጠበቁ። ምንም አልመጣም፤ ጨለማው ብቻ ነበር። ሐኪሙ ዘንድ ወስጄያቸው፣ በመብራቱ አይቶ አይቶ፣ «ጠብታውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱም መልሱን ከፊቴ አንብቦ መብራቱን አጠፋው።

ከክሊኒኩ ተመልሰን እንጦጦ ስንወጣ ነው፣ «ልጄን ጥሪልኝ» ያሉኝ። የትኛውን ብዬ አልጠየቅኩም።

ወንድሜ ስልኩን አንሥቶ እስክጨርስ ሰማኝ። «ምን ይፈልጋል?» አለ። እኔ «እሳቸው» እላለሁ፣ ወንድሜ «እሱ» ይላል፤ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የምናወራ ይመስል ነበር።

«አላውቅም» አልኩት። «ጥሪልኝ ነው ያሉኝ። ከሄድክ ወዲህ ስላንተ ሲናገሩ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። በዛፎቹ መኻል ባለችው ቀጭን መንገድ፣ ሐዋሳ የሚለበስ ስስ ጃኬት ለብሶ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣ አየሁት። ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል። አባባ ዱካቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ነበር። ልጮህ ስል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመና ያያቸው ጀመር። ትከሻቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጢማቸው አድጓል፣ አንገታቸው የሕፃን አንገት አክሏል። እሱ የሚያውቀው ሰውዬ አልነበሩም፤ የሚፈልገውን ሰውዬ ያጣ ይመስል ነበር።

አባባ መቁጠሪያውን መግፋት አቆሙ።

«ማነው?»

ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ማነው የመጣው?»

እኔ ወንድሜን አየሁ፤ ወንድሜ እሳቸውን። በምን እንዳወቁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በአተነፋፈሱ ይሆናል፣ በእኔ ዝምታም ይሆናል። መቁጠሪያውን ወደ ብብታቸው ከተቱ። ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቻቸውን፣ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርገው ዘረጉ።

«መጥተሃል» አሉ። «ይኸው።»

እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ወንድሜ የሚመታቸው መሰለኝ። የሚያለቅስም መሰለኝ። የራሱን ቀኝ እጅ፣ ያን የጎበጠ አንጓ፣ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ አየት አደረገው። ከዚያ ዞሮ በመጣበት መንገድ ወረደ።

ሮጬ አስፋልቱ ዳር ደረስኩበት። ከፓርኩ የሚመለሱ መኪኖች ሙዚቃ ከፍተው ያልፋሉ።

«አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትላቸው ምን ይጎዳሃል?»

«ምን ልበል?» አለኝ። ዐይኖቹ ቀልተዋል። «አልምርህም እንዳልል አሳዘነኝ። ምሬሃለሁ እንዳልል ውሸት ነው። ባላየው ይሻል ነበር፣ እህቴ። እዚያ ሆኜ ስጠላው ይቀለኝ ነበር።»

ሚኒባስ አስቁሞ ገባ።

ስመለስ የአባቴ እጆች እንደተዘረጉ ነበሩ። ፊታቸው ተንበርክኬ ያዝኳቸው። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። አንድ በአንድ አጠፍኳቸውና ጋቢው ውስጥ ከተትኳቸው።

«ሄደ?»

«ሄደ፣ አባባ።»

«አልመታኝም።»

«አዎ።»

«ቢመታኝ ይሻል ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ጸበል አልወረዱም። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ዕቃችንን ጠቅልለን ወደ ቤት ተመለስን። ሰው ሁሉ አዲስ ዓመት ሲያከብር አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ያንን ግድግዳ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ በጣታቸው የድንጋዩን መጋጠሚያ ይከተላሉ። የማታ ጸሎታቸውን ትተውት ነበር። እኔም አልጠየቅኳቸውም፣ ምክንያቱም እኔም ትቼው ነበር። የሠፈር ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ «እግዚአብሔር የሚወደውን ነው የሚፈትነው» ብሎ ያጽናናቸዋል። እሳቸው «አሜን» ይላሉ። እንግዳው ሲወጣ በሩን እዘጋና፣ የወደደው እንዲህ ከሆነ የጠላው እንዴት ይሆን እላለሁ በሆዴ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስገባ፣ «ያን የዔሊን አንብቢልኝ» አሉኝ። በቃላቸው ያውቁት የለ እንዴ? ግን አነበብኩላቸው። ሲነገር የሰማሁትን ያህል ተነብቦ ሰምቼው አላውቅም። ሕፃኑ ሳሙኤል በሌሊት የተነገረውን ፍርድ ለዔሊ የሚነግርበት ቦታ ደረስኩ። ልጆቹ እንደሚጠፉ፣ ቤቱም ለዘላለም እንደተፈረደበት። ሽማግሌው አይከራከርም፣ አያለቅስም፣ ይቅር በለኝም አይልም። እሱ እግዚአብሔር ነው፣ ደስ ያለውን ያድርግ ብሎ ብቻ ይመልሳል።

«ቆዪ» አሉኝ አባባ። «ይህን አለ?»

«ይላል።»

«መልሰሽ አንብቢው።»

መልሼ አነበብኩት። ከአልጋቸው ቀና ብለው ተቀመጡ። ከእንጦጦ ከወረድን ወዲህ ራሳቸውን ችለው ቀና ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሰውዬ ስወቅሰው ኖርኩ» አሉ። «ይቺን ቃል አላየኋትም ነበር። ልጆቹ ሊሞቱ፣ ቤቱ ሊፈርስ፣ ዐይኑ ጠፍቶ... እንዲህ ይላል?»

«አባባ፣ ይህ እምነት ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ?»

ከልቤ ነበር የጠየቅኋቸው። የሚያውቅ ሰው ካለ እሳቸው መሆን አለባቸው ብዬ።

«ልዩነቱን አላውቀውም» አሉኝ። «ድሮ ቢሆን እነግርሽ ነበር።»

ያን ዕለት ማታ ጸለዩ። ስሞቹን መጥራት ጀመሩ፤ ከእናቴ ቀጥለው፣ ያ የለመድኩት ዝምታ በሚመጣበት ቦታ፣ የወንድሜን የክርስትና ስም ጠሩ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ እንደገና ጠሩት። እንዲመለስ አልለመኑም፣ እንዲምራቸውም አልለመኑም። ስሙን ብቻ ብለው አለፉ። ከዚያ ማታ ጀምሮ እስኪሞቱ እንዲሁ ነበር። ተጽናኑ ወይ ብትሉኝ አልተጽናኑም። እህል እምብዛም አይበሉም ነበር፤ ሌሊቱም ቀኑም አንድ ስለሆነባቸው እንቅልፍ አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እግራቸውን ሳጥባቸው፣ «እሺ ማለት አንቺ እንደምታስቢው አያሳርፍም» አሉኝ። ምን እንደማስብ አልነገርኳቸውም ነበር።

በጥር ጉንፋን የመሰለ ነገር ጀመራቸውና ሳንባ ምች ሆነ። ሐኪም ቤት ብዙም አልቆዩም።

ወንድሜ ለቀብሩ ደረሰ። አፈር ሲመለስ አካፋውን ከአንዱ ሰው ተቀብሎ፣ በጎበጠ እጁ፣ እስኪያልቅ ለማንም ሳይሰጥ አፈሩን ራሱ መለሰው። አላለቀሰም። በሠልስቱ ሰው ሳሳ ሲል ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አባባ በየማታው ስሙን ይጠሩት እንደነበር ነገርኩት። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ።

«የኔን ልጆች አላየሻቸውም» አለኝ ቆይቶ።

«ፎቶ መቼ ላክህልኝና?»

«መትቻቸው አላውቅም። አንድም ቀን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አቅፌያቸውም አላውቅም» አለ። «ትንሿ ስትወለድ አዋላጇ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች፣ ለሚስቴ ስጫት አልኳት። ዛሬ አምስት ዓመቷ ነው። ሮጣ ስትመጣ እጄን ኪሴ እከታለሁ። እጄን እፈራዋለሁ፣ እህቴ። የኔ አይመስለኝም።»

መጽሐፉ ቅጣት ለጊዜው ያሳዝናል፣ ኋላ ግን የሰላም ፍሬ ያፈራል ይላል። ሕፃናትን የማስተምር ሴት ነኝ፤ ይህን ቃል ለሌሎች ጠቅሼዋለሁ። ያን ቀን ፍሬውን ፈለግኩት። ከድንኳኑ ውጪ ጎረቤቶቻችን ሣህን ያጥባሉ። ወንድሜ ሁለቱንም እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቷል። ጠጋ ብዬ በትከሻዬ ትከሻውን ነካሁት፤ አልሸሸም፣ አልተጠጋም።

በማግስቱ ሐዋሳ ገባ። አሁን አልፎ አልፎ ይደውላል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ እናወራለን። አንድ ቀን ትንሿ ልጁ ስልኩን ነጥቃው «አክስቴ ነሽ?» አለችኝ፤ አዎ አልኳት፤ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ጠፋን።

እኔ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ጸሎት ቀስ በቀስ ጀምሬያለሁ። ራጉኤል ላይ አፌ ላይ የቀረችውን ቃል አሁን እላታለሁ፤ እንደ ወደድክ አድርግ እለዋለሁ። የምለው ግን የሚወስድብኝ ስላልቀረ ነው፤ ያመነ ሰው እንዲህ አይመስለኝም፣ የደከመ ሰው ነው። ከደከመም ሰው ይቀበል እንደሆን አላውቅም። ብዬው እተኛለሁ።